ጥያቄ ሳይዙ ዱር መውጣት፦ «የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ አትማሩ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ «የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ አትማሩ» ብሎ ወጣቶችን የሚመክር ጽሑፍ ላከችልኝ፤ ከሥሩም «ጋሼ፣ እንግዲህ ልተወው ይሆን?» የምትል አንዲት መስመር ጽፋበታለች። ጽሑፉን ከእሷ በፊት ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ልከውልኝ ስለነበር ይዘቱ አዲስ አልሆነብኝም። ልጅቷ ግን የመጀመሪያ ዲግሪዋን በባዮሎጂ በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ በኮንሰርቬሽን ባዮሎጂ (በብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ሳይንስ) ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመቀጠል ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ስትዘጋጅ የከረመች ናትና፣ «አይዞሽ፣ በርቺ» ብሎ ማለፍ አግባብ መስሎ አልታየኝም። ጽሑፉ ክርክር ይዞ የመጣ ስለሆነ መልሱም በክርክር መሰጠት አለበት።

ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ ለዚህ ሙያ ሥራ የለም ይላሉ፤ ቀጣሪዎቹ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ስለሆኑ፣ እነሱ ካልቀጠሩት ተመራቂው ሜዳ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በአገር ውስጥ የሚሰጠው ማስተርስ ከወረቀትነት አያልፍም፣ የውጭው ደግሞ በገንዘብ አይደረስበትም ይላሉ። ሦስተኛ፣ ሙያው የፈረንጅ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ተራራ ለተራራ እየዞረ ዳታ ይሰበስባል፣ ስሙ ግን ከደራሲዎቹ ሁሉ በኋላ ይጻፋል። አራተኛ፣ ጥበቃ ማለት በተግባር ገበሬን ማፈናቀል ነው፤ ገበሬው በራሱ ዕውቀት ያቆየውን የተማረው ሰው መጥቶ ያበላሸዋል። በመጨረሻም፣ እንስሳቱን የሚያድናቸው ፖለቲካና ገንዘብ እንጂ ሳይንስ ስላልሆነ፣ የተፈጥሮ ፍቅር ያደረበት ወጣት ኮምፒዩተር ወይም ሕክምና ተምሮ ከሚያገኘው ገቢ ላይ ቢለግስ የበለጠ ይጠቅማል የሚል ምክር ይሰጣሉ።

ጸሐፊው ትምህርቱን ጀምረው ያቋረጡ መሆናቸውን ሳይደብቁ ይናገራሉ፤ ምሬታቸውም ከደረሰባቸው ነገር የመነጨ ለመሆኑ ጽሑፉ ራሱ ይመሰክራል። ምሬቱን እጋራቸዋለሁ፤ ድምዳሜውን ግን አልቀበለውም። (ከአንድ አዋጅ በስተቀር ዓመታቱን የምጠቅሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።)

ከሥራው ልጀምር። የፓርክ ኢኮሎጂስት የሥራ ማስታወቂያ ብርቅ ነው፤ ሲወጣም ደመወዙ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ቤተሰብ ለማስተዳደር የሚበቃ አይደለም። በዚህ ላይ አልከራከርም። ሆኖም ጸሐፊው የቆጠሩት በሩ ላይ «የዱር እንስሳት» የሚል ታፔላ የተሰቀለበትን መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ፕሮጀክት ከመጀመሩ አስቀድሞ እንዲጠና ያስገድዳል። በዚህ መሠረት ለግድብም ሆነ ለመንገድ በሚዘጋጅ ሰነድ ውስጥ ስለ አካባቢው ዕፅዋትና እንስሳት የሚናገር ክፍል ይኖራል፤ ያንን ክፍል የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ደመወዜ ውጭ የመጀመሪያውን ገንዘብ ያገኘሁት ከዚህ ሥራ ነው። እንዳርም የተሰጠኝ ረቂቅ፣ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በቆላ የሚያልፍ ሆኖ ሳለ፣ በአካባቢው ጭላዳ እንደሚገኝ ይናገር ነበር። ጭላዳ የደጋ ገደል እንስሳ ነው፤ ጽሑፉ ከሌላ ሰነድ ተገልብጦ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያዩ «ይኸው፣ ሥራው የይስሙላ ነው» ይሉ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ለእኔ የታየኝ ግን፣ ጭላዳ የት እንደሚኖር የማያውቅ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው የተቀመጠበት ወንበር ነው።

ቡናውንም እንይ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው ደንብ፣ ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቡናው የተለቀመበት ማሳ መገኛም አብሮ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም ጉዳዩ የላኪውን ሁሉ ደጅ አንኳኩቷል። ከፋ ወይም ያዩ ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ከሳተላይት ሲታይ ደን ይመስላል፤ የሳሳ ደንም በአንጻሩ የቡና ማሳ ሊመስል ይችላል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ዛፉን በስሙ ለይቶ የሚናገር ባለሙያ ከየት ይመጣል? በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከጉቶው እንዲያገግም ተደርጎ በ2009 በዓለም አቀፍ የካርበን ሥርዓት ሲመዘገብ፣ የዛፉን ውፍረትና ቁመት የሚለካ፣ የለካውንም ወደ ቁጥር የሚለውጥ ሰው የግድ አስፈልጎ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ የሚወጣው በአካባቢ፣ በደን፣ በቡና ወይም በመሬት ካርታ ስም ነው፤ ስለዚህ «ኮንሰርቬሽን ባዮሎጂ» የሚል ማስታወቂያ ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ ቋሚ ሥራ አይደለም፤ ብዙው በኮንትራት የሚሠራ ነው፣ አበሉም የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ሥራ የለም ማለትና ሥራው የተረጋጋ አይደለም ማለት ግን የተለያዩ ናቸው።

በሁለተኛው ነጥብ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል እሱ ነውና። በአገር ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ቴሲሶች (የመመረቂያ ጥናቶች) ማንም ሳያነባቸው አቧራ ይጠጣሉ። ርእሳቸውን ማየት ይበቃል፦ የእንዲህ ያለ እንስሳ ብዛት፣ ስርጭትና ከሰው ጋር ያለው ግጭት በእንዲህ ያለ ወረዳ። እንስሳውንና ወረዳውን ብቻ ቀይሮ አንዱን ከሌላው መገልበጥ ይቻላል፤ ይገለበጣልም። የእኔም ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ዳታ የሰበሰብሁት መንዝ ውስጥ በጓሳ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ አምባ፣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሳለ በማለዳ እየተነሣሁ በተለካው መስመር እሄዳለሁ፤ የቀይ ቀበሮ ዓይነ ምድር ሳገኝ በጂፒኤስ መዝግቤ በፕላስቲክ ከረጢት እከታለሁ፤ ማታ በወንፊት አጥቤ ከውስጡ የሚወጣውን የአይጥ ጥርስና ጠጉር በወረቀት ጠቅልዬ ለቤተ ሙከራ አኖራለሁ። ቀበሮዋ ምን እንደምትበላ ለማወቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ አብሮኝ የሚዞረው የማኅበረሰቡ ስካውት (የአካባቢው ጠባቂ) በኩራት ያነሣሁትን ከረጢት ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አዙሮ አየውና፣ ከፍቶ በጭራሮ ከፈል አደረገው። «ልጄ፣ ይቺኮ የቀበሮ አይደለችም፤ የውሻ ናት። ገብስ አለባት» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እውነቱን ነው፤ የገብሱ ገለባ ተጣብቆባት ይታያል። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል ስታድን ትውላለች እንጂ ገብስ አትቀምስም፤ ከእረኛ ጋር የወጣ ውሻ ግን ቆሎውንም የቂጣ ፍርፋሪውንም በልቶ ነው የሚውለው። የቀደሙትን ሁለት ቀናት ከረጢቶች አንድ በአንድ አብረን ስናያቸው አምስቱ የውሻ ሆኑ። እኔም በመዝገቤ ላይ «የተበላሸ ናሙና» ብዬ ጽፌ ጣልኋቸው።

ከከረጢቶቹ ጋር የጣልሁት ጥያቄዬን መሆኑን የተረዳሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ከቀይ ቀበሮ ትልልቅ ጠላቶች አንዱ ውሻ ይዞት የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከ2003 እስከ 2004 ወረርሽኙ የቀበሮ መንጋዎችን ጨርሷል። እና እኔ ቀበሮዋ በምትሄድበት መንገድ ላይ ስንት ውሻ እንደሚመላለስ፣ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ወቅት እንደሚበዛና ተከትቦ እንደሆነ የሚናገር ማስረጃ በእጄ ይዤ ነበር። የተሰጠኝ ርእስ ግን «ብዛት፣ ምግብና ግጭት» ስለነበር የርእሱን ሣጥን ሞልቼ ተመለስሁ። የቴሲሱ የቃል ፈተና በ40 ደቂቃ አለቀ። ቴሲሱ በጥቁር ሽፋን በአራት ቅጂ ተጠረዘ፤ ከአራቱ አንዱ እስከ ዛሬ የቢሮዬ መስኮት በነፋስ እንዳይዘጋ ይደግፋል።

ከዚህ በላይ ምን ልመንላቸው? አንድ አማካሪ ደርዘን ተማሪ ይዞ ሁሉንም በእኩል ሊያነብ አይችልም። የመስክ ገንዘብ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሲለቀቅ፣ የክረምት ዳታ የሚያስፈልገው ተማሪ ዓመት ይጠብቃል ወይም ርእሱን ይቀይራል። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት የጥናት ቦታቸውን የለወጡ ተማሪዎችም ጥቂት አይደሉም። ከሁሉም በላይ ሴት ተማሪዎች ብቻቸውን ለወራት ካምፕ እንዲያድሩ የሚጠበቅበት አሠራር ሊታረም ይገባዋል፤ ጽሑፉ ይህን ሳያነሣ ማለፉ አስገርሞኛል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ «ስለዚህ አትማሩት» የሚል መደምደሚያ አይወጣም፤ ምክንያቱም በዚያው አገር፣ በዚያው ወንፊትና ማይክሮስኮፕ የተሠራ ሌላ ጥናት አለና። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የጅብ ዓይነ ምድር ሰብስበው፣ በውስጡ ያለውን ጠጉር እየለዩ ጅብ በዐቢይ ጾም ምን እንደሚበላ መረመሩ። 55 ቀን ሙሉ ልኳንዳ ሲዘጋና አጥንት ከቆሻሻ መጣያ ሲጠፋ ጅቡ አህያ ወደ ማደን ይዞራል፤ ፋሲካ ሲደርስ ወደ ለመደው ይመለሳል። ጥናቱ በ2012 ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተነበበ፤ ትላልቅ ሥጋ በል እንስሳት ከሰው አኗኗር ጋር ምን ያህል ራሳቸውን እንደሚያስማሙ በዚያ ልክ ግልጽ አድርጎ ያሳየ ምሳሌ ብዙ የለም። መሣሪያው ከእኔ መሣሪያ የተለየ አልነበረም። ልዩነቱ እነሱ ጥያቄ ይዘው መውጣታቸው ነው፤ ጥያቄውም ጾም ሲገባ የሰፈሩ ሥጋ ቤት በሩን እንደሚዘጋ እያየ ላደገ ሰው ቅርብ ነው፣ ለማያውቀው ግን በቀላሉ አይመጣለትም። እንግዲህ የአገር ውስጥ ማስተርስ ወረቀት የሚሆነው ርእስ ከጥያቄ ሲቀድም ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ተማሪ በደካማ ክፍል ውስጥም ጥሩ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ለመስክ የሚሆን ገንዘብም እንደ እንግሊዙ ራፎርድ ፋውንዴሽን ካሉ ለጀማሪ ተመራማሪ አነስተኛ ግራንት ከሚሰጡ ድርጅቶች ሊያገኝ ይችላል፤ ያገኙ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው።

የውጭውን በተመለከተ ጸሐፊው በከፊል ትክክል ናቸው። የእንግሊዝ የአንድ ዓመት ማስተርስ ያለ ስኮላርሺፕ የማይታሰብ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የተማሩባት ኖርዌይም ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን ታስከፍላለች። ነገር ግን «አይደረስበትም» የሚለው ሁሉንም በአንድ ጆንያ መክተት ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ መስክ ፒኤችዲ የሚማር ሰው በአብዛኛው እያስተማረ ወይም በምርምር እየረዳ ክፍያው ይሸፈንለታል፣ ወርኃዊ ገንዘብም ይከፈለዋል፤ በቴሲስ የሚሠራ ማስተርስም እንዲሁ የሚሸፈንበት ጊዜ አለ። ሰሞኑን በጀቱ እየጠበበ፣ ቪዛውም እየከበደ መሄዱ አይካድም። እዚያ የመጀመሪያው በር ለአንድ ፕሮፌሰር የሚጻፍ ደብዳቤ ሲሆን፣ ፕሮፌሰሩ በደብዳቤው ውስጥ የሚፈልገው ያንኑ ጥያቄ ነው። «በተፈጥሮ ጥበቃ ላይ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» የሚል ደብዳቤ በየቀኑ ይደርሰዋል።

«ሙያው የፈረንጅ ነው» ለሚለው ሦስት ሰዎችን ብቻ ልጥራ። ዶክተር መላኩ ወረደ ዘረ መል በአሜሪካ ተምረው ተመልሰው፣ በ1976 በጀርመን እርዳታ የተቋቋመውን የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል ለረጅም ዓመታት መሩ፤ የአገሩን የስንዴ፣ የማሽላና የጤፍ ዘር ጎተራ ውስጥ ከማስቀመጥ አልፈው በገበሬው ማሳ ላይ እንዲቆይ በማድረጋቸው በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ በ2003 ለጀርመኑ ቦን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የፒኤችዲ ጥናት በያዩ ደን ውስጥ በዱር ስለሚበቅለው ቡና ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ያዩ ከከፋ ጋር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 ከኔዘርላንዱ ዋኸኒንገን የተመረቁት በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥናት ነው፤ ከብት በሚገባበት ደን ችግኝ መሬት ላይ እንደማይቆይ፣ ከታጠረ ግን እንደሚያድግ በሙከራ አሳዩ። ከዚያ በኋላ በየደብሩ ምእመናኑ ድንጋይ እየለቀሙ የደናቸውን ዙሪያ ማጠር ጀመሩ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ስለነበር እርሻውም ጸዳ፤ ይህን ጥቅም ማንም ፕሮፖዛል ላይ የሚጽፈው አይመስለኝም።

ጸሐፊው «ሦስቱም ውጭ ነው የተማሩት» ሊሉ ይችላሉ። ትክክል ነው፤ ገንዘቡም የውጭ ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍም በ1980 ተጀምሮ በ2009 እስኪጠናቀቅ፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ሲመዘግብ፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ከስዊድን መጥቷል፤ ኢትዮጵያውያን የዕፅዋት ተመራማሪዎች ግን በዚያ ሥራ ውስጥ ሠልጥነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ብሔራዊ ሄርባርየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ዛሬም የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው። የስም ቅደም ተከተሉ ነገር እውነተኛ በደል ነው፤ እኔም ሁለት ወቅት የሰበሰብሁት ዳታ ስሜ በምስጋና ክፍል ብቻ ተጠቅሶ ሲታተም አይቻለሁ። መፍትሔው ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት ማን ምን እንደሚጽፍ በወረቀት መፈራረም ነው። ይህን ከማያደርግ ባልደረባ ጋር፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ አብሮ መሥራት አይገባም።

ማፈናቀልን በተመለከተ የጸሐፊውን ቁጣ አከብራለሁ። ሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተራ ገባ፤ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ አካባቢ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለቅርሱ የምሥራች የሆነው ነገር ለእነዚያ ቤተሰቦች ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ፀረ ጥበቃ ተብሎ መፈረጅ የለበትም።

ግን ጸሐፊው ቀጥለው «ገበሬው በራሱ ዕውቀት ይበቃዋል» ሲሉ ራሳቸው የሚወዱትን ምሳሌ በግማሹ ነው የሚያነቡት። ምሳሌያቸው ጓሳ ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ሣር በጋራ ደንብ ሲጠብቅ፣ ለዓመታት ዘግቶ በጋራ ስምምነት ሲከፍተው ኖሯል። ይህ ሥርዓት በ1975 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ተናጋ፤ ርስቱ ሲቀር በርስቱ ላይ የቆመው ደንብ አብሮ ላላ። በኋላ እንደገና ሲደራጅ፣ የቀድሞው ሥርዓት እንዴት ይሠራ እንደነበር ከሽማግሌዎች ጠይቀው የጻፉ፣ ሣሩንና ቀበሮውን የለኩ፣ ለክልሉ ሕግ አውጪ የሚቀርብ ማስረጃ ያዘጋጁ ባለሙያዎች ከማኅበረሰቡ ጋር ነበሩ። ገብሱን ያሳየኝ ስካውት ከእኔ በላይ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን እሱም እንደ እኔው ውሻው ይዞት የሚመጣው በሽታ ከመንጋ ወደ መንጋ በየት በኩል እንደሚሻገር አያውቅም ነበር። ሁለታችንም አንድ ከረጢት ይዘን ነበር የቆምነው።

ወደ መጨረሻው ምክር የሚያሻግረኝም ይኸው በሽታ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ሁሉንም ይዞ መከተብ አይቻልም፤ አስቸጋሪም አደገኛም ነው። ከቀደሙት ወረርሽኞች የተሰበሰበውን ዳታ ይዘው በሒሳብ ሞዴል የሠሩ ተመራማሪዎች በ2006 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ ሁሉንም ከመከተብ ይልቅ በመንጋዎች መካከል መተላለፊያ በሆኑት ሸለቆዎች ያሉትን ጥቂት ቀበሮዎች መከተብ ትልቁን እልቂት ሊገታ እንደሚችል አሳየ። በ2018 ደግሞ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ሸሽጎ የማብላት ዘመቻ ባሌ ላይ ተጀመረ። ይህ ሁሉ ያለ ገንዘብና ያለ ፈቃድ አይሆንም፤ ጸሐፊው በዚህ አይሳሳቱም። ነገር ግን ገንዘቡ የት ቦታ፣ ለስንት ቀበሮ እንደሚውል የወሰነው ቆጠራና ሒሳብ ነው። ስለዚህ «ኮምፒዩተር ተማሩ» የሚለው ምክር አልከፋኝም፤ የምጨምረው ነገር ቢኖር ኮምፒዩተሩን የሚያውቀው ልጅ እዚሁ መስክ ውስጥ በጣም እንደሚፈለግ ነው። የእንስሳት ሐኪሙም እንዲሁ። ተምሮ ሀብታም ሆኖ መለገስ መልካም ነው፤ የሚለገሰው ገንዘብ ግን በመጨረሻ ለማን ይከፈላል? ውርጭ ላይ ወጥቶ ለሚቆጥር ሰው ነው። ያ ሰው ከሌለ ልግስናው ወዴት ይሄዳል?

ለተማሪዬ ስልክ ደወልሁላት። ልተወው ወይስ ልቀጥል ለሚለው መልስ አልሰጠኋትም፤ ጥያቄዋ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «የእምቦጭ ስርጭትና ተጽዕኖ በጣና ሐይቅ» አለችኝ ፈጠን ብላ። እሱ ርእስ ነው፣ ጥያቄሽስ? አልኋት። ዝም አለች። አባቷ ከልጅነቱ ጀምሮ ደንገል እየቆረጠ ታንኳ የሚሠራ ሰው ነው። እምቦጩ ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን ሲያስጨንቅ፣ በእጅም በማሽንም ሲነቀል አይታለች፤ ትንሽ ቆይታም አንድ ነገር ነገረችኝ። አባቷ በሚቆርጥበት ዳር እምቦጩ ከተነቀለ በኋላ በአንዱ በኩል ደንገሉ ተመልሶ በቅሏል፣ ከዚያ ወዲያ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ግን ምንም የለም፤ ምክንያቱን አባቷም አያውቀውም። ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፋ ለሁለት አማካሪዎች እንድትልክ ነገርኋት፤ ላከች። አንዱ እስካሁን አልመለሰም። ሌላዋ ግን በማግሥቱ «የተመለሰው ከሥሩ ነው ወይስ ከዘር?» ብላ ጻፈችላት። ልጅቷ መልሱን ስለማታውቅ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር አካፋ ይዛ ወደ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች።